ላባውን የያዘው ማን ነበር?

የክፍላችንን ወሬ ከጃኬት ልጀምር። የጠፉ ዕቃዎች ሳጥን ሞልቶ መሬት ላይ እየፈሰሰ ነው። ጠዋት ይበርዳል፣ ቀትር ላይ ይሞቃል፣ ልጆቹ ሜዳ ላይ ያወልቁና እዚያው ጥለውት ይገባሉ። ሁሉም ጥቁር፣ ሁሉም ስም የሌለው። እባካችሁ ወላጆች፣ ኮሌታው ውስጥ ስም ጻፉበት።

ሒሳብ ላይ ክፍልፋይ ጀምረናል። ታህታቸው የተለያየውን መደመር ላይ ደርሰናል፣ እዚህ ጋ ትንሽ ለቅሶ አለ፣ ያልፋል። ክላሪኔት የተከራያችሁ ደግሞ ጎረቤቶቻችሁን ይቅርታ ጠይቁልኝ። የወላጅና የመምህር ቀጠሮ ከታንክስጊቪንግ (ከምስጋናው በዓል) በፊት ባለው ሳምንት ነው፣ ሰዓት ያልመረጣችሁ ቶሎ ምረጡ። እንግሊዝኛዬ አይመችም ብላችሁ የምትቀሩ ካላችሁ ትምህርት ቤቱን አስተርጓሚ ጠይቁ። መብታችሁ ነው፣ አትከፍሉም። ልጃችሁን ብቻ አስተርጓሚ እንዳታደርጉት፣ ልጅ ስለ ራሱ ጥፋት ሲያስተረጉም ምን እንደሚል ሁላችንም እናውቃለን።

ዋናው ወሬ ግን ቀለም ነው። ልጃችሁ ጣቱ ቡናማ ሆኖ፣ አንዳንዱም አፍንጫው ላይ ነጥብ ይዞ ቤት ከገባ ምክንያቱ እኔ ነኝ። የአሜሪካን የቅኝ ግዛት ዘመን እየተማርን ነው፣ ከእሱ ጋርም የዓመቱን ትልቁን የጽሑፍ ሥራ ጀምረናል። እዚህ አገር አምስተኛ ክፍል ልጅ ያለው ሰው ነገሩን ያውቀዋል፣ ብዙ ትምህርት ቤቶች በዚህ ዕድሜ ነው የሚያስተምሩት። እንግሊዞች በ1607 ቨርጂኒያ ውስጥ ጄምስታውን ላይ ከሰፈሩበት (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው) 13ቱ ቅኝ ግዛቶች በ1776 ነፃነታቸውን እስካወጁበት ያለው ጊዜ ነው።

ሥራው እንዲህ ነው። ባርኔጣ ውስጥ የተጠቀለሉ ወረቀቶች አሉ። እያንዳንዱ ላይ አንድ ሰው፣ አንድ ቦታና አንድ ዓመት ተጽፏል። በርሜል ሠሪ፣ ፊላደልፊያ፣ 1740። አዋላጅ፣ ኮኔቲከት፣ 1690። የትምባሆ ገበሬ፣ ቨርጂኒያ፣ 1660። ዊግ ሠሪ፣ ዊልያምስበርግ፣ 1765። ልጁ ዕጣውን ያወጣል፣ ስለዚያ ሰው ሥራና ኑሮ ያነባል፣ ከዚያ በዚያ ሰው ስም ሩቅ ላለ ዘመድ ሦስት ደብዳቤ ይጽፋል። ዊግ ሠሪ የደረሰው ልጅ መጀመሪያ አኩርፎ ነበር፣ አንጥረኛ መሆን ነበር ያማረው። ዊግ ከሰው ብቻ ሳይሆን ከፈረስና ከፍየል ፀጉርም እንደሚሠራ፣ ደንበኛውም ዊጉ እንዲገጥምለት የገዛ ራሱን እንደሚላጭ ሲያነብ ኩርፊያው ለቀቀው። አሁን ክፍሉ ውስጥ ከእሱ በላይ ደስተኛ የለም።

የመጀመሪያው ረቂቅ መጣ። ግማሹ የሚጀምረው እንዲህ ነው፦ «ሰላም! እኔ በቅኝ ግዛት ዘመን የምኖር በርሜል ሠሪ ነኝ።» እስቲ አስቡት። ለአክስቱ እንዲህ ብሎ የሚጽፍ ማነው? ሌላዋ በ1660 ቁጭ ብላ «በ13ቱም ቅኝ ግዛቶች ሁሉ ሰላም ነው» ትላለች። በ1660 13 የሚባል ነገር የለም። ኒው ዮርክ ገና የደቾች ኒው አምስተርዳም ናት፣ እንግሊዞች የወሰዷት በ1664 ነው። ፔንስልቬንያ ለዊልያም ፔን የተሰጠችው በ1681። የመጨረሻዋ ጆርጂያ ናት፣ ሰፋሪዎቹ ሳቫና የደረሱት በ1733። አንዱ ደግሞ በ1690 ጆርጅ ዋሽንግተንን እራት ጋብዞታል፣ ሰውዬው ሳይወለድ። በ1740 ስለ ነፃነት ጦርነቱ እንቅልፍ ያጣም አለ።

ስለዚህ አንድ ሕግ አወጣን። ሰሌዳው ጥግ ላይ ተጽፏል፣ ማንም አያጠፋውም፦ «ሰውዬው ነገ የሚሆነውን አያውቅም።» ቀላል ይመስላል። ለአሥር ዓመት ልጅ ግን ከባድ ነው፣ ለትልቅ ሰውም አይቀልም፤ መጨረሻውን አውቀን ስለምናነብ መሐል ላይ ያለው ሰው ሁሉ መጨረሻውን የሚያውቅ ይመስለናል። ለምሳሌ ጄምስታውን። በ1609 ክረምቱ ሲገባ 300 የሚሆን ሰው ነበር። ረሃቡ አልፎ ጸደይ ሲመጣ የተረፉት 60 ገደማ ናቸው። በጁን 1610 በቃን ብለው ከተማዋን ጥለው መርከብ ተሳፈሩ። ወንዙን ይዘው ሲወርዱ አዲሱ ገዢ ሰውና ስንቅ ይዞ እየመጣ መሆኑን ሰሙና ሳይወዱ በግድ ተመለሱ። አንዱ ልጅ ይህን ሲሰማ «ያን ቀን ደብዳቤ ቢጽፍ ‹ወደ ቤት እየመጣሁ ነው፣ እራት አቆዩልኝ› ይል ነበር» አለ። ገብቶታል። ከዚያ በላይ ማብራራት አላስፈለገኝም።

እንዴት ሌላ ሰው ሆኖ እንደሚጻፍ ሳሳያቸው የምጠቀመው ቤንጃሚን ፍራንክሊንን ነው። መቶ ዶላር ላይ ያለውን ሽማግሌ ሳይሆን የ16 ዓመቱን ጎረምሳ። አባቱ ሻማና ሳሙና ሠሪ ነበር። ልጁ በ12 ዓመቱ ቦስተን ውስጥ ማተሚያ ቤት ላለው ታላቅ ወንድሙ ለጄምስ ተለማማጅ ሆኖ ተፈራረመ፣ ውሉም 21 ዓመት እስኪሞላው ድረስ ነው። ወንድሙ ጋዜጣ ያወጣል። ትንሹ መጻፍ ይፈልጋል፣ ወንድሙ ግን የእሱ መሆኑን ካወቀ እንደማያወጣለት ያውቃል። ስለዚህ በ1722 ሳይለንስ ዱጉድ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ፈጠረ። የእጅ ጽሑፉን ለወጠ፣ ማታ ወረቀቱን በማተሚያ ቤቱ በር ሥር አሾለከው። ወንድሙ አነበበው፣ ወደደው፣ አተመው። እንዲህ እንዲህ እያለ 14 ደብዳቤ ወጣ። ትልልቆቹ ሰዎች ጸሐፊው ማን ይሆን እያሉ ሲገምቱ ልጁ እዚያው ሥራው ላይ ሆኖ ይሰማቸዋል።

ክፍሉ በሳቅ ተናወጠ፣ በተለይ ታላቅ ወንድም ያላቸው። እኔ የምፈልገው ግን ቀጥሎ ያለውን ጥያቄ ነው። ጎረምሳ ልጅ ባሏ የሞተባት ሴት ሆኖ ሲጽፍ ሰው እንዴት አመነው? ምን እንደሚያናድዳት አውቆ ስለጻፈ ነዋ። ሀርቫርድ የሚገቡትን የሀብታም ልጆች ታማለች፣ ሰካራሞችን ትወርፋለች፣ ቀሚሳቸውን እንደ ድንኳን የሚነፉ ሴቶችን ትተቻለች። ሴቲቱ ፊታችሁ ቁጭ ትላለች። ስለዚህ ሁለተኛው ረቂቅ ላይ «ሰውህን ምን ያናድደዋል?» የሚል ጥያቄ ጨመርኩ። በርሜል ሠሪው አላመነታም፦ ያልደረቀ እንጨት የሚያቀብለው ሰውዬ። እንጨቱ በኋላ ሲደርቅ ይሸሽና በርሜሉ ያፈስሳል፣ ስሙ የሚጠፋው ደግሞ የበርሜል ሠሪው ነው። «ሰላም፣ እኔ በርሜል ሠሪ ነኝ» ካለው ልጅ ነው ይህ የመጣው።

ወደ ቀለሙ ልመለስ። የመጨረሻውን ግልባጭ የሚጽፉት በዝይ ላባ ነው። ጫፉ ሰያፍ ተደርጎ ይቆረጥና መሐሉ ይሰነጠቃል፣ ይህን እኔ ቤት ጨርሼ አመጣዋለሁ፣ ስለት ለልጅ አልሰጥም። ያኔ ደህናው ቀለም የሚሠራው ኦክ ዛፍ ላይ ከሚወጣ እብጠት፣ ከብረት ጨውና ከሙጫ ነበር። እኛ የተጠቀምነው ከዋልነት ልጣጭ የተቀቀለውን ቡናማውን ነው። ላባው ይነከራል፣ ጠርዙ ላይ ይጠረጋል፣ ጥቂት ቃል ይጽፋል፣ ያልቅበታል። እንደገና። ቀለም ከበዛ ወረቀቱ ላይ ዱብ ይላል። ካነሰ ይቧጭራል። ወደ ላይ ከገፉት ወረቀቱን ይወጋና ቀለሙን ዙሪያውን ይረጫል፣ የአፍንጫው ነጥብ የመጣው ከዚህ ነው። ግራኝ ተማሪዎቼ ደግሞ ገና እየጻፉ በእጃቸው ያብሱታል። አንዷ ወረቀቱን ወደ ጎን አዙራ ከላይ ወደ ታች መጻፍ ጀመረች። ማንም አላሳያትም። ሠራላት።

ያልጠበቅኩት የዓረፍተ ነገራቸውን መለወጥ ነው። ኮምፒውተር ላይ «በጣም በጣም በጣም» እያለ ገጽ የሚሞላ ልጅ አለኝ፣ ላባ ሲይዝ «በጣም» የምትባለዋ ድራሿ ጠፋ። ሁለቴ መንከር ስላለበት ነው፣ ሌላ ሚስጥር የለውም። ወረቀቱም አንድ ብቻ ነው የሰጠኋቸው፣ ያኔም ወረቀት ውድ ነበር። ከአሮጌ የበፍታ ጨርቅ ነው የሚሠራው፣ በቅኝ ግዛቶቹ የመጀመሪያው ወረቀት መሥሪያ የተከፈተው በ1690 ፊላደልፊያ አጠገብ ነው፣ ከዚያ በፊት ሁሉም ከባሕር ማዶ ይመጣ ነበር። ፖስታ የሚባል ነገር የለም፣ ደብዳቤው ራሱ ይታጠፍና በሰም ይታሸጋል። ክፍል ውስጥ እሳት ስለማይፈቀድ ሰሙን በቀይ ተለጣፊ ተክተነዋል። ታሪክ ይቅር ይበለን።

ቀን አጻጻፉ ላይ ደግሞ ሌላ ጉድ መጣ። እኔ ሁለት ካላንደር ይዤ ያደግኩ ሰው ስለሆንኩ ይህችን ትምህርት ለብቻዋ እወዳታለሁ። እስከ 1752 ድረስ እንግሊዝና ቅኝ ግዛቶቿ ዓመት የሚቀይሩት ማርች 25 ላይ ነበር። ስለዚህ እኛ ፌብሯሪ 1690 የምንለው ለአዋላጇ ገና 1689 ነው። በ1752 ካላንደሩን ሲቀይሩት ደግሞ ሰው ሴፕቴምበር 2 ተኝቶ ሴፕቴምበር 14 ተነሳ። መሐል ያለው 11 ቀን የለም። አንዷ እጇን አወጣች፦ «ልደቴ ሴፕቴምበር 9 ነው። ያን ዓመት ኬክ የለኝም ማለት ነው?» ዋሽንግተን ራሱ ሲወለድ ቀኑ ፌብሯሪ 11 ቀን 1731 ነበር፣ ዛሬ ፌብሯሪ 22 ቀን 1732 እንላለን። ይሄኔ ከኋላ ያለው አበሻው ተማሪዬ «የአባቴ ልደት ወረቀት ላይም እንደዚህ ነው» አለ። የሳቅነው እኔና እሱ ብቻ ነን።

አሁን ይህን ጽሑፍ ወዳስጀመረኝ ነገር ልግባ።

የዘመኑን መማሪያ አሳየኋቸው። ሆርንቡክ ይባላል። እጀታ ያላት ትንሽ ጣውላ ናት። ላይዋ ላይ ፊደላቱና አባታችን ሆይ የታተሙበት ወረቀት ይለጠፋል፣ እንዳይበላሽም ብርሃን እስኪያሳልፍ ድረስ በሳሳ ቀንድ ይሸፈናል። የኛው ፊደል ገበታ ናት በሉት፣ እጀታ ተጨምሮላት። ማሳቹሴትስ በ1647 ባወጣችው ሕግ 50 ቤተሰብ ያለው ከተማ ሁሉ ማንበብና መጻፍ የሚያስተምር ሰው እንዲያቆም ታዟል። ምክንያቱ ሃይማኖት ነው፣ ሰው መጽሐፍ ቅዱስን ራሱ አንብቦ ከሰይጣን ተንኮል እንዲያመልጥ። ደቡብ ውስጥ ግን እርሻው የተራራቀ ነው፣ ባለጸጋው ለልጁ አስተማሪ ይቀጥራል፣ የድሃው ልጅ እንደ ዕድሉ ነው።

ደግሞ ያኔ ማንበብና መጻፍ አብረው የሚሰጡ ትምህርቶች አልነበሩም። መጀመሪያ ማንበብ ነው። መጻፍ ቆይቶ ይመጣል፣ ብዙ ጊዜም ለወንዱ፣ ለንግድ ይጠቅመዋል ተብሎ። ማንበብ የምትችል ስሟን ግን መፈረም የማትችል ሴት ብዙ ነበረች። ውል ላይ ምልክት ታደርጋለች።

ከዚህ በኋላ ዝም እላለሁ። አንድ ልጅ እስኪደርስበት እጠብቃለሁ። ዘንድሮ የደረሰችበት ከእንግሊዝ በውል የመጣች ገረድ የወጣላት ተማሪ ናት፣ ሜሪላንድ፣ 1670። እነዚህ ሰዎች የመርከብ መሳፈሪያ ስለሌላቸው ከአራት እስከ ሰባት ዓመት ያለ ደመወዝ ሊያገለግሉ ተፈራርመው የሚመጡ ናቸው። ጠረጴዛዬ ድረስ መጣች።

«ሚስ፣ የኔ ሰው ደብዳቤ መጻፍ አትችልም።»

«ውሉን ፈርማ የለም?»

«በምልክት ነው። ታዲያ ሦስት ደብዳቤ ከየት ላምጣላት?»

ሄደሽ አስቢበት አልኳት። መልሱን ይዛ የመጣችው በማግስቱ ነው። ደብዳቤውን የመንደሩ መጠጥ ቤት ባለቤት ነው የሚጽፍላት። እሷ ትናገራለች፣ እሱ ይጽፋል። ስለ ትምባሆ ቅጠል፣ ስለ ትንኙ፣ ስለ ንዳዱ ታወራለች፣ እናቷን ትጠይቃለች። ከዚያ ድንገት መሐል ላይ «ጌታዬና እመቤቴ እጅግ ደግ ሰዎች ናቸው፣ ምንም አይጎድለኝም» የሚል መጣ። ገረመኝ፣ ከላይ ካለው ጋር አይሄድም። ይሄ ከየት መጣ ብዬ ጠየቅኳት። «እሱ ነው የጨመረው። ጌታዋ ጓደኛው ነው። እሷ ማንበብ አትችልም፣ ምን እንደጻፈ አታውቅም።»

አሥር ዓመቷ ነው። የምለው ጠፋኝ። ለክፍሉ እንድታነብላቸው ለመንኳት፣ እሺ አለች፣ ከዚያ በኋላ ማንኛውንም ጽሑፍ ስንከፍት አንዱ ከኋላ ይጮኻል፦ «ላባውን የያዘው ማነው?»

ባርኔጣው ውስጥ ሆን ብዬ ያላስገባሁት ወረቀት አለ። በባርነት የተያዘ ሰው የሚል ዕጣ የለም። አንዳንድ ወላጆች ለምን ብላችሁ ጠይቃችሁኛል፣ መልሴ አጭር ነው፣ ልጅን ባርነት አላስተውነውም። በዚህ አገር በየጊዜው አንዱ ክፍል ውስጥ የባሪያ ጨረታ ድራማ ተሠራ የሚል ወሬ ይወጣል፣ ጥቁር ልጅ አሥር ዓመቱ ላይ ጓደኞቹ ፊት በገንዘብ ይጠራበታል። እኔ ክፍል ውስጥ አይሆንም። ነገሩን መዝለል ደግሞ ጨርሶ አይቻልም። በጁላይ 1619 መጨረሻ ጄምስታውን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የመጀመሪያው የተመራጮች ጉባኤ ተሰበሰበ። ጥቂት ሳምንት ቆይቶ፣ በኦገስት፣ ዋይት ላየን የምትባል መርከብ ከ20 በላይ አንጎላውያንን እዚያው ቨርጂኒያ ፖይንት ኮምፈርት አድርሳ በስንቅ ለወጠቻቸው። ልጆቹ ግድግዳው ላይ ባለው የጊዜ መስመር ሁለቱን ወረቀት ለመለጠፍ ቦታ አጥተው አንዱን በሌላው ላይ ደረቡት። እንዲሁ ተውኩት።

ደብዳቤ በመጻፍ ፈንታ ጋዜጣ እናነባለን። ከ1736 ጀምሮ ዊልያምስበርግ ውስጥ ይታተም የነበረው ቨርጂኒያ ጋዜት የጠፋ ሰው ፍለጋ ማስታወቂያ ሞልቶበታል። ባለቤት ነኝ የሚለው ሰው ያመለጠውን ሰው ቁመት፣ ልብስና ጠባሳ ይዘረዝራል፣ ይዞ ላመጣ ወሮታ ይከፍላል። በውል የሚያገለግሉትና ተለማማጆችም ይጠፉ ነበር፣ ፍራንክሊን ራሱ በ1723 ውሉን ጥሎ ወደ ፊላደልፊያ ያመለጠ ነው። ልዩነቱን ግን ልጆቹ ራሳቸው አወጡት። የፍራንክሊን ውል 21 ሲሞላው ያልቅ ነበር። ቨርጂኒያ በ1662 ባወጣችው ሕግ ግን ልጅ የእናቱን ዕጣ ይከተላል፣ እናቱ ባሪያ ከሆነች ባሪያ ሆኖ ይወለዳል። ማለቂያ የለውም።

ሁለት እርሳስ እሰጣቸዋለሁ። ጸሐፊው ሊናገር የፈለገውን በቀይ ያሰምሩበታል፣ ሳያስበው ያመለጠውን በሰማያዊ። ያመለጠው ሰው ቫዮሊን መጫወት መቻሉ፣ አናጺ መሆኑ፣ ማንበብ ማወቁ፣ ሚስቱ ወዳለችበት አገር ሳያመራ አይቀርም መባሉ፣ ይህ ሁሉ ሰማያዊ ነው። ለጸሐፊው መያዣ ምልክት ነው፣ ለእኛ ግን ሰውየው ብቅ የሚልባት ቀዳዳ እሷ ብቻ ናት። አንዱ ልጅ ከሰማያዊዋ መስመር አጠገብ በትንንሽ ፊደል «ሚስቱን ማን ወሰዳት?» ብሎ ጻፈ። ማርክ የምሰጠው ለዚህ ነው። የሰውየውን ስሜት ፈጥሮ ሦስት ገጽ ከሚሞላልኝ ይችን አንድ ጥያቄ እመርጣለሁ።

ሳውዝ ካሮላይና በ1740 ያወጣችውን ሕግም አየን። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ስቶኖ ወንዝ አጠገብ ትልቅ አመጽ ተነስቶ ነበር። ከሕጉ አንዱ አንቀጽ ባሪያን መጻፍ ያስተማረ ሰው 100 ፓውንድ ይቀጣል ይላል። ማንበብ አይልም፣ መጻፍ ነው የሚለው። ለምን ይመስላችኋል ስላቸው ብዙ ሐሳብ መጣ፣ ዊግ ሠሪዬ ግን አገኛት፦ «የይለፍ ወረቀቱን ራሱ ጽፎ ይሄዳላ!» ልክ ነው። ከእርሻው ለመውጣት የጌታ ወረቀት ያስፈልጋል፣ መጻፍ የሚችል ሰው ደግሞ የጌታውን ወረቀት ሊሠራ ይችላል።

ፊሊስ ዊትሊም አለች። በ1761 ከምዕራብ አፍሪካ ቦስተን ስትደርስ ሰባት ዓመት ገደማዋ ነበር፣ ስሟን እንኳ የሰጧት ካመጣቻት መርከብ ወስደው ነው። የግጥም መጽሐፏ በ1773 ለንደን ሲታተም 18 የቦስተን ታላላቅ ሰዎች ግጥሙን የጻፈችው እሷ ራሷ መሆኗን የመሰከሩበት ጽሑፍ አብሮ ወጣ፣ ገዢው ሳይቀር። «18?» አሉ። «ለፍራንክሊን ስንት ሰው ፈረመለት?» አንድም። እንዲያውም እሱ ስሙን ደብቆ ነው ያሳተመው።

ታንክስጊቪንግ ስለደረሰ እሱንም በዚሁ መነጽር አየነው። ነባሮቹን ሕዝቦች ለመምሰል የላባ ቆብ ከካርቶን አንሠራም፣ ከዚህ ቀደም ለጠየቃችሁኝ መልሴ ያው ነው። የበዓሉ መነሻ ስለሚባለው፣ በ1621 መከር ላይ ፕሊመዝ ውስጥ ስለተደረገው ግብዣ ዋናው ምስክራችን ከሰፋሪዎቹ አንዱ ኤድዋርድ ዊንስሎው ለእንግሊዝ የላከው ደብዳቤ ነው፣ እሱም ውስጥ ጥቂት መስመር። የአካባቢው ነባር ሕዝብ የዋምፓኖግ አለቃ ማሳሶይት 90 የሚሆኑ ሰዎች ይዞ መጣ፣ ሦስት ቀን ተበላ፣ አምስት አጋዘን አድነው አመጡ። ይኸው ነው። ከ90ዎቹ አንዱ ማታ ቤቱ ገብቶ ለሚስቱ ምን እንዳላት ዊንስሎው አልነበረም፣ አልጻፈውም። እዚህ ጋ ክፍሉ ቀዝቀዝ ሲል አንድ ነገር ጨመርኩላቸው። በዚህ አገር የታተመው የመጀመሪያው ሙሉ መጽሐፍ ቅዱስ እንግሊዝኛ አልነበረም። በ1663 ካምብሪጅ፣ ማሳቹሴትስ ውስጥ የታተመው በዚያው በአካባቢው ነባር ሕዝብ ቋንቋ ነው። ማተሚያ ቤቱ ውስጥ ፊደል ከሚለቅሙት አንዱም ጄምስ ፕሪንተር የሚባል፣ ከነባሮቹ ሕዝቦች የኒፕመክ ሰው ነበር። ይህን ስል አሥር እጅ በአንዴ ተነሳ፣ ደወሉ ግን ቀደመን።

ማርክ አሰጣጡ ላይ አንድ ክርክር አለብኝ። አንዱ የሕግ ሰው የሚሆን ልጅ «ያኔ ሰው ቃሉን እንደፈለገው ነበር የሚጽፈው፣ ስለዚህ ስፔሊንግ አይታረምብኝ» ብሎ አቤቱታ አስገባ። ማስረጃም አምጥቷል። እውነት አለው፣ በዚያን ጊዜ አንድ ሰው አንድ ገጽ ላይ አንድን ቃል በሁለት ዓይነት ሊጽፈው ይችላል። አንድ ደብዳቤ ላይ ፈቀድኩለት፣ በሁለቱ ላይ ግን ያርማል።

ለወላጆች አንድ ነገር። መርዳት ጥሩ ነው፣ ግን የአባት እጅ ያለበት ደብዳቤ ከሩቅ ይታወቃል። በ1690 ያለች አዋላጅ ስለ ታክስ ስታማርር ማን እንዳስጻፋት አያጠያይቅም። የምትችሉትን ያህል ጠይቋቸው ብቻ፦ ሰውሽ ምን በላ? ማን ነገረው? ደብዳቤውን የሚያነብለት ማነው?

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ንባቡ አለ፣ የቻላችሁ ኑ። የገረዷን ደብዳቤ ሁለት ልጆች ናቸው የሚያነቡት፣ አንዱ እሷን አንዱ የመጠጥ ቤቱን ባለቤት ሆኖ። ከንባቡ በኋላ ክሬም በጠርሙስ እየናጥን ቅቤ እናወጣለን፣ ከበቆሎ ዳቦ ጋር ይበላል። ወተት የማይስማማው ልጅ ያላችሁ ከሐሙስ በፊት ጻፉልኝ። ባዶ ጠርሙስ ያላችሁ ላኩልኝ፣ ክዳኑ ግን በደንብ የሚገጥም ይሁን፣ ምንጣፉ በቀለም በቅቶታል። የጄምስታውን ጉዞ ፈቃድ ወረቀትም አሁንም ያልፈረማችሁ አላችሁ፣ ከቦርሳው ታችኛው ኪስ ፈልጉት፣ ምናልባት ከሙዝ ልጣጭ ሥር ነው።